ለቁስቋም የተሰፋው ድባብ

ኅዳር ፮ ቀን ፲፱፻፺ ዓ.ም. ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነበር። በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዋይትሆርን በሚባለው ሰፈር በረዶው ገና አልወረደም፤ ብርዱ ግን ቀድሞ ገብቶ ሣሩን አድርቆታል፤ በከተማው ባቡር ሐዲድ ዳር የቆሙትንም ዛፎች ራቁታቸውን አስቀርቷቸዋል። በስተ ምዕራብ በሩቁ ተራሮቹ ነጭ ለብሰው ይታያሉ፤ ከተራሮቹ ወዲህ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ቤት፣ አንድ ዓይነት አጥርና በየደጁ የቆመ መኪና ነው። ከእነዚህ ቤቶች በአንደኛው፣ የክቡር ዘበኛው የሻምበል ሙሉጌታ ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የቁስቋም ማርያም ማኅበር ተራ ደርሷቸው፣ ዘጠኝ እንግዶች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሳሎኑን ሞልተውታል።

ከሁሉም ከፍ ብለው የተቀመጡት የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ግራዝማች መርዕድ ናቸው። ማዕረጋቸውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበሉ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በፓስፖርታቸው ላይ ማዕረጉ እንደ ስም ስለ ተጻፈ በሐኪም ቤትም በባንክም «ሚስተር ግራዝማች» ይባላሉ፤ ማዕረጉን እንደ ማዕረግ የሚጠራላቸው በከተማው ውስጥ ይህ ማኅበር ብቻ ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ከጉዞ ቢሮው የመጣውን ወረቀት ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር።

«ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ቀን ከካልጋሪ እንነሣለን። ካይሮ እንደ ደረስን በማግሥቱ ጊዛ፣ ፒራሚዶቹን፤ ቀጥሎ ሰቃራ፤ ከዚያ በባቡር ሉክሶር፣ የፈርዖኖቹን ቤተ መቅደስና መቃብር ሁለት ቀን እንጎበኛለን። ስንመለስ ደብረ ቁስቋም፤ የልደትን በዓል እዚያ እናከብራለን።»

«የፊተኛው ሙሴ ሕዝቡን ከግብፅ አወጣ፤ የእኛው ሙሴ መልሶ ሊያገባን ነው» አለች ብርቅነሽ የምትባል የማኅበሩ አባል፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ግራዝማች አልሳቁም። «የእኔስ ቀላል ነው፤ ባሕሩን በአውሮፕላን ነው የምናልፈው» አሉና ወረቀቱን አጠፉ። «መንገድ መሪያችን ቴዎፍሎስ ነው። አገሩን ያውቃል፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ ከፒራሚዱ ሥር ሦስት ዓመት ቆሞ የዓለምን ሕዝብ ያስጎበኘ ሰው ነው።»

ቴዎፍሎስ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ዕድሜው አርባ ሦስት፣ ፊቱ የቀጠነ፣ በኦግደን ሰፈር በባቡር ፉርጎ መጠገኛ የሚሠራ ብቸኛ ሰው ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «እኔ የፈርዖን ነገር አይገባኝም» አሉ፤ «ድንጋዩን እናንተ እዩት። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ብሎኛል፤ ከሄድኩ አሁን ነው። እኔ የምሄደው ድባቤን ለማየት ነው። ቴዎፍሎስ ያደረሰልኝን ድባቤን፣ በተሰቀለበት፣ በዓይኔ አይቼው ልሙት።»

ሰዎቹ «አሜን» አሉ። ቴዎፍሎስም ከሰዎቹ ጋር «አሜን» አለ፤ ከዚያም ጫማውን ፍለጋ ተነሣ፤ ጫማውን እያየው ብዙ ጊዜ ፈለገው።

የነገሩ ሥር ያለው በካይሮ ነው። በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. ሻምበል ሙሉጌታ በእስር ቤት ካለፉ በኋላ፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የአራት ዓመት ልጃቸውን ትግስትን አዝለው በሱዳን በኩል ተሰደዱ። ከዋዲ ሐልፋ ወደ አስዋን በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ልጅቱን ትኩሳት ያዛት፤ ከአስዋን ወደ ካይሮ በተሳፈሩበት ባቡር ውስጥ ነፍሷን አታውቅም ነበር። ባቡሩ ሉክሶር ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ አንገቱን አሰገገ፤ እርሳቸው ግን ቀና አላሉም፤ ዓይናቸው ከልጃቸው ከንፈር ላይ አልተነሣም። ካይሮ ገብተው፣ ሐኪሙ የሚያደርገውን አድርጎ ሲቸግረው፣ «እመቤቴ፣ አንቺም በዚህ አገር ልጅሽን ይዘሽ ተንከራተሻል፤ ልጄን ከተውሽልኝ በእጄ የሰፋሁትን ድባብ ለቁስቋም ደብርሽ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። በአራተኛው ቀን ልጅቱ ውሃ ለመነች።

ድባብ ማለት ታቦት ሲወጣ፣ ካህን ወንጌል ሲያነብ ከላይ የሚዘረጋው የክብር ጃንጥላ ነው። ወይዘሮዋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቀይ ከፋይ ገዝተው፣ ስምንቱን ገጽ በስምንት መስቀል ጠልፈው፣ ዙሪያውን በወርቅማ ዘርፍ ከበው፣ በውስጡም በኩል የልጃቸውን የክርስትና ስም «ወለተ ማርያም» ብለው በደቃቅ ፊደል ጽፈው፣ ሰባት ወር ሙሉ ሰፉት። ባለቀ በሳምንቱ፣ በጥቅምት ፲፱፻፸፰፣ ሲጠብቁት የኖሩት የካናዳ ቪዛ መጣ፤ አውሮፕላኑም በአራተኛው ቀን ነበር። ቁስቋም ከካይሮ የአንድ ቀን መንገድ ናት፤ ልጅቱ ግን ገና አልጠናችም። ስለዚህ ድባቡን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ በአንድ ደረጃ ላይ በጉርብትና ለሚኖረው ለስደተኛው ለቴዎፍሎስ ሰጡት፤ በኅዳር ስድስት በዓል አደርሳለሁ ብሎ በማርያም ስም ቃል ሰጣቸው።

ቴዎፍሎስ አልዋሸም ነበር፤ በቃሉም ሄዷል። ነገር ግን ገና ከባቡር ጣቢያው ሳይወጣ መታወቂያው ጊዜው አልፎ ስለ ተገኘ፣ አንድ ቀን ታስሮ፣ ሁለተኛ ከካይሮ እንዳይወጣ ተነግሮት ተመለሰ። ድባቡን ከክፍሉ ጥግ አቆመው። በዓሉ አለፈ። በታኅሣሥ፣ የሚበላው ባጣ ጊዜ፣ በጊዛ ጎብኚ የሚመራ አንድ ግብፃዊ እንግዶቹ በሕዝቡ መካከል እየጠፉበት ሲያማርር ሰማ፤ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ይዞ የሚቆምለት ሰው ይፈልግ ነበር። ቴዎፍሎስ «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ አቡጀዲውን ፈታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት በጊዛ «ባለ ቀይ ጃንጥላው» ተባለ። ጀርመኑም፣ ጃፓኑም፣ አሜሪካዊውም በስምንቱ መስቀል ሥር ተሰበሰበ፤ እርሱም ከመሪዎቹ እየሰማ የድንጋዩን ቁጥር፣ የነገሥታቱን ስም በቃሉ ያዘ፤ በኋላም ራሱ ተረከው። ከፋዩ በፀሐይ ነጣ፤ ዘርፉም ረገፈ። ከካልጋሪ ደብዳቤ መጣለት። «ወንድሜ ቴዎፍሎስ፣ ድባቤ ደረሰ ወይ?» ይላል። እውነቱን ሊጽፍ ተቀመጠ፤ ሦስት ወረቀት አበላሸ፤ በአራተኛው ላይ ከሰላምታው ቀጥሎ «ደርሷል» ብሎ ጻፈ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ደብዳቤውን ተሳልመው፣ እርሳቸውን ወደ ካናዳ ላመጧቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አነበቡላቸው፤ «ስለቴን በባዕድ አገር ያደረሰልኝ ታማኝ ሰው ነው፤ እርሱንም አምጡልኝ» ብለው ሁለት ዓመት ደጅ ጠኑ። በ፲፱፻፹፩ ዓ.ም. ቴዎፍሎስ ካልጋሪ ገባ። ይበላው የነበረው እንጀራ፣ ይተኛበት የነበረው አልጋ፣ በኪሱ የያዘው ዜግነት፣ ሁሉም ከዚያች አንዲት ቃል የወጣ ነው። ድባቡን ጥሎት መምጣት አልቻለም፤ አምጥቶም ማሳየት አልቻለም፤ በኦግደን በተከራየው፣ ቤዝመንት በሚሉት የምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ምድጃ ኋላ፣ በአሮጌ የሆኪ ዱላ ከረጢት ውስጥ አስቀመጠው። በየዓመቱ ኅዳር ስድስት ሲመጣ ይደክመው ነበር።

ኅዳር ፰ ቀን ሰኞ፣ ቴዎፍሎስ በሥራ ቦታው በሻይ ሰዓት ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ሬዲዮው ወሬውን ተናገረ። በሉክሶር፣ ከጥንታዊት ንግሥት ቤተ መቅደስ ደጅ ላይ፣ የታጠቁ ሰዎች ሊጎበኙ በመጡት ላይ ተኩስ ከፍተው ብዙ ሰው ገድለዋል፤ የሟቾቹ ቁጥር ከሃምሳ ይበልጣል። ከባልደረቦቹ አንዱ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ቴዎፍሎስ ስፍራውን በሥዕል ያውቀዋል፤ ገደሉን፣ ከገደሉ ሥር የተዘረጉትን ዓምዶች፣ ሰው የሚሸሸግበት ጥላ የሌለውን ሰፊ ደረጃ በልቡ አየ።

በዚያች ቅጽበት የተሰማው ነገር እፎይታ ነበር። «ጉዞው ቀረ» አለ ልቡ። ለጥቂት ጊዜ ሻዩን እየጠጣ ቆየ። ከዚያ በኋላ ከሻዩ ጋር የጠጣው እፎይታ ከምን እንደ መጣ ዐወቀ፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ፤ በፉርጎዎቹ መካከል ቆሞ፣ ስማቸውን የማያውቃቸው የእነዚያ ሰዎች ሞት እርሱን ከኀፍረት እንዳዳነው ለራሱ ተናገረ፤ ከዚህ የሚያንስ ሰው በምድር ላይ የለም አለ።

በምሳ ሰዓት ግራዝማች ደወሉ።

«ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ፣ ግራዝማች።»

«ከሞቱት ውስጥ አስጎብኚም አለበት አሉ። አንተን ነው ያሰብኩህ። ጉዟችን አንድ ወር ቢቀድም ኖሮ ከፊት ቆመህ የምትገኘው አንተ ነበርህ። ጉዞው ቀርቷል። ልጆቻችን ሁሉ አይሆንም ብለዋል። ለፀሐይወርቅ አንተ ንገራት፤ እኔ አልችላትም።»

ቴዎፍሎስ ማምሻውን ዋይትሆርን ሲደርስ፣ እናትና ልጅ በቴሌቪዥኑ ፊት ሲከራከሩ አገኛቸው።

«እማዬ፣ ኖ ዌይ! ኒውሱን እያየሽ ነው? ላይክ፣ ሰው እየገደሉ ነው እዚያ» አለች ትግስት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰንሪጅ ከሚባለው የገበያ አዳራሽ አጠገብ ባለው የጫማ መደብር ከትምህርት በኋላ ትሠራለች፤ የመደብሩን ሸሚዝ ገና አላወለቀችም።

«እኔ ሉክሶር እሄዳለሁ አልኩ? ፈርዖን ዘንድ አልሄድም ስል ሰው ሁሉ ሰምቷል። ቁስቋም ምን አደረገች?»

«ሴም ካንትሪ እኮ ነው፣ ማሚ!»

«አንቺን ከሞት የመለሰችሽ እዚያ ናት፤ ላይክ አትበዪኝ።» ዘወር ብለው ቴዎፍሎስን አዩት። «መጣህ? አንተ ውሰደኝ። ሁለታችን እንሂድ። ያን ጊዜ ብቻህን ደርሰህ የለም? መንገዱን ታውቀዋለህ።»

«እትዬ ፀሐይወርቅ፣ አሁን ነገሩ እስኪበርድ…» አለ፤ ድምፁ ለራሱ የሌላ ሰው መሰለው።

«የእኔም ልብ እንዲሁ እየበረደ ነው» አሉ ወይዘሮዋ፤ ቴሌቪዥኑንም በእጃቸው አጠፉት።

ታኅሣሥ ገባ። ሊነሡበት የታሰበው ቀን በበረዶ ተሸፍኖ አለፈ። ከልደት በፊት ባለው ሳምንት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ደረጃ ሲወጡ ወድቀው ሐኪም ቤት ተኙ፤ ሲወጡም በአውሮፕላን መሄድ ፈጽሞ ተከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዞው አላነሡም፤ ሰውም ረሱት ብሎ አሰበ። ቴዎፍሎስ በየሳምንቱ ለምርመራ ይወስዳቸዋል፤ ይመልሳቸዋል፤ በመንገድ ላይ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ የእርሳቸው ዝምታ የሕመም ነው፤ የእርሱ ግን የቆየ ድካም ነው።

ጥር ፲፭ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ከሐኪም ቤት ሲወጡ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ ወርዶ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ሰማዩ በስተ ምዕራብ እንደ ቅስት ተከፍቶ ይቆያል፤ መንገዱ ሁሉ ውሃ ነበር።

«ቤት አታስገባኝ» አሉ ወይዘሮዋ። «ትንሽ አዙረኝ። አስጎብኚ አይደለህ? ማዞር አይደለም ሥራችሁ?»

ወዴት እንደሚወስዳቸው ስላላወቀ በለመደው መንገድ ነዳ። ኦግደን ሲደርስ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ስንዴ የሚከማችባቸው ታላላቅ ግራጫ ጎተራዎች ከሜዳው ላይ ብቻቸውን ቆመው ታዩ። ወይዘሮዋ «ቁም» አሉት። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የእህል ጎተራ ነው። ከየገበሬው የሚመጣው ስንዴ እዚህ ተከማችቶ በባቡር ይጫናል።»

«ልጅ ሆኜ መሪጌታ ሲያስተምሩን፣ የግብፅ ፒራሚድ ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመት ያሠራው ጎተራ ነው ይሉን ነበር። ይህን ያህላል?»

«ፒራሚዱ ይበልጣል። ጎተራ ግን አይደለም፣ እትዬ፤ መቃብር ነው።»

«በካይሮ ሰባት ወር ተቀምጬ አንድ ቀን አላየሁትም። ከመርፌዬ ቀና አላልኩም።» መስኮቱን ዝቅ አድርገው ነፋሱን ሳቡ። «እንግዲህ እኔ አልሄድም። ስለዚህ አንተ ንገረኝ። የት አደረጉት? ከመቅደሱ በስተ ቀኝ ነው በስተ ግራ? የተቀበለህ መነኩሴ ሽማግሌ ነው ጎልማሳ? ሲዘረጉት ምን አሉ?»

ቴዎፍሎስ ለዚህ መልስ አያጣም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላየውን ነገር እንዳየ አድርጎ ሲተርክ የኖረ ሰው ነው፤ ሽማግሌውን መነኩሴ፣ የዕጣኑን ሽታ፣ የሕዝቡን እልልታ በአንድ አፍታ ሊያመጣላቸው ይችላል። ቃሉም እስከ ከንፈሩ መጥቶ ነበር። ጎተራዎቹን አየ፤ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አላደረስኩትም» አለ።

ወይዘሮዋ አልዞሩም።

«ከጣቢያ መለሱኝ። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። በጊዛ ይዤው ስቆም እንጀራ በላሁበት። ደርሷል ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። በዚያ ውሸት ነው ያመጡኝ። አሁን ቤቴ ነው ያለው፤ ከዚህ አምስት ደቂቃ ነው።»

አንድ ረጅም የጭነት ባቡር በፊታቸው ያልፍ ጀመር። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ድረስ ተመለከቱት፤ ከዚያ፣ «ሂድና አምጣው፤ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» አሉ።

«ብቻዎን በመኪና ውስጥ…»

«አልሞትም። ሂድ አልኩህ።»

በእግሩ ሄዶ፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሶ፣ የሆኪውን ከረጢት ተሸክሞ ተመለሰ። ወይዘሮዋ ከረጢቱን ሲያዩ፣ «በዚህ ውስጥ?» ብቻ አሉ። ከመኪናው ወርደው፣ በመኪናው አፍንጫ ላይ ተደግፈው ቆመው፣ ድባቡን ዘርጋ አሉት። ቀይ የነበረው ከፋይ የጡብ መልክ ይዟል፤ ከዘርፉ የቀረው ጥቂት ነው፤ እጀታው በሽቦ ታስሯል። እንደ ልብስ ሰፊ በጣታቸው ስፌቱን እየተከተሉ ዞሩት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ። ነፋስ ቀድዶት።»

«የዓሣ መረብ ይመስላል። ውሸትህ እንዲህ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ዐውቅብህ ነበር።»

ከውስጥ በኩል የልጃቸውን የክርስትና ስም ፈልገው አገኙት። ፀሐይ ያልደረሰበት ስለ ሆነ ፊደሉ እንዳለ ነበር። እጃቸውን በላዩ ላይ አኑረው ብዙ ቆዩ፤ ቴዎፍሎስም ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል ብሎ ጠበቀ።

«ፀሐይ ሲበረታ ከሥሩ ሰው ይጠጋ ነበር?» አሉት።

«አዎን። አሮጊቶች፣ ነፍሰ ጡሮች። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ወድቃ፣ እስክትነቃ ድረስ ይዤላታለሁ።»

«እሺ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ «በል አስጎብኘኝ። የዓለምን ሕዝብ በእኔ ጥልፍ ሥር አስጎብኝተህ፣ ሰፊዋን ብቻ ታስቀራለህ? ዘርጋና ቁም። እንደዚያው እንደምትላቸው በለኝ፤ ቃል እንዳትቀንስ።»

ቴዎፍሎስም፣ በቀለጠው በረዶ ውስጥ ቆሞ፣ የነጣውን ድባብ በወይዘሮዋ ራስ ላይ ዘርግቶ፣ በመጀመሪያ በሚንተባተብ ድምፅ፣ ኋላ ግን በለመደው በዚያው ዜማ፣ ነገሥታቱን በየስማቸው ጠራ፤ ሁለት ሚሊዮን ከሚበልጠው ድንጋይ እያንዳንዱ ከጋማ ከብት ሸክም በላይ እንደ ሆነ፤ ንጉሡ ገና ሳይሞት መቃብሩን ሲያሠራ እንደ ኖረ፤ ሌቦችም ቀድመው ገብተው አንዳች ሳይተዉ እንደ ወሰዱት ተናገረ። ወይዘሮዋ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ቀና ብለው ወደ ጎተራዎቹ ጫፍ ይመለከቱ ነበር።

«ይህን ሁሉ ድንጋይ የተሸከሙትስ ስማቸው የታለ?» ብለው አቋረጡት።

«አልተጻፈም፣ እትዬ። የጥቂቶቹ ብቻ ነው የተገኘው።»

«ሁሉም ይጠይቅሃል?»

«ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ሽንት ቤቱ የት እንደ ሆነ ነው።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባቸው፤ ደግፎ ወደ መኪናው ሊያስገባቸው እጁን ሲዘረጋ ክንዳቸውን ከለከሉት፤ በራሳቸው ገቡ። ዋይትሆርን ከደጃቸው ላይ ሲቆም፣ «ራስህ ታደርሰዋለህ» አሉ። «በፖስታ አይደለም፤ ሌላ ሰው አስይዘህ አይደለም። ስፌቱን ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ፤ ዘርፉን አልነካውም፤ እንዲህ እንደ ሆነ እመቤቴ ትየው። እስከዚያ አንተን ይቅር ብዬሃለሁ አልልም፤ ስለቱ የእርሷ ነው፤ ያጠፋኸውም ከእርሷ ጋር ነው። ለሰው አልናገርም። ያ ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ልጄ በውሸት ላይ የቆመን ሰው ጋሼ ስትል ኖራለች ብዬ እንዳላሳፍራት ነው።»

ስፌቱን በአልጋ ላይ ሆነው በሁለት ሳምንት ጨረሱ። የካቲት ፳፫ ቀን፣ ትግስት ትምህርት ቤት ሳለች፣ ከቀትር በፊት ዐረፉ።

በቀብሩ ዕለት ግራዝማች መርዕድ በዱላቸው ተደግፈው፣ በተቆፈረው የበረዶ መሬት ዳር ቆመው የሕይወት ታሪካቸውን አነበቡ። «ስደት ላይ ሳሉ እንኳ ስለታቸውን ሳያጓድሉ፣ በገዛ እጃቸው የሰፉትን ድባብ በታማኙ ወንድማችን በቴዎፍሎስ እጅ ለደብረ ቁስቋም ያስገቡ…» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቴዎፍሎስ ዞረ፤ አንዳንዱ ትከሻውን ነካው። እርሱም ቆሞ ተቀበለው። ከዚያ በፊት ከተሸከመው ሁሉ ይህ ምስጋና ከበደው፤ ቃል ቢወጣው ግን የሚያፈርሰው የእርሳቸውን ቀብር ስለ ሆነ ዝም አለ።

በ፲፱፻፺፩ ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ሄደ። በጊዛ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ግመል የሚያከራዩት ሰዎች ግመላቸውን ይዘው ጥላ ውስጥ ተኝተዋል። አንድ ሽማግሌ ፖስት ካርድ ሻጭ ቀና ብሎ፣ ቴዎፍሎስን ሳይሆን የተጠቀለለውን እጀታ አይቶ፣ «የቀዩ ጃንጥላ ሰውዬ፣ ሰዎቹስ የት ቀሩ?» አለው። ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው መንገድ በፖሊስ ታጅቦ የሚኬድ ነበር፤ በየፍተሻው ድባቡን እየዘረጉ አዩት፤ እየመለሱ ሰጡት፤ በአንዱም ላይ አልቀረበትም። ኅዳር ፮ ቀን ጠዋት ደረሰ። የተቀበለው መነኩሴ ጎልማሳ ነበር። ድባቡን ዘርግቶ፣ የነጣውን ከፋይ አይቶ፣ «አዲስ አይደለም» አለ። ቴዎፍሎስም «አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ቆይቷል» ብሎ መለሰ። ሌላ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መነኩሴው ለበዓሉ የተሰለፉትን ሕፃን ያዘሉ እናቶች ተመልክቶ፣ ድባቡን እንደ ያዘ ወደ እነርሱ ሄደ። ቴዎፍሎስ የአሥራ ሦስት ዓመት ድካሙ በዚያች ሰዓት የሚወርድለት መስሎት ነበር፤ አልወረደለትም፤ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው።

ወደ ካልጋሪ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ከዋይትሆርን ባቡር ጣቢያ ሲወርድ ትግስት በመሻገሪያው ድልድይ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ዩኒቨርስቲ ገብታለች፤ ትልቅ ቦርሳ ተሸክማለች።

«ጋሼ ቴዎፍሎስ፣ ዌልካም ባክ። ከስተዋል።» ከጎኑ መራመድ ጀመረች። «ሶ… እማዬ ሳትሞት አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ላይክ፣ አላስረዳችኝም። ‹ቴዎፍሎስ ግብፅ ደርሶ ሲመለስ፣ ደረሰ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ› ነው ያለችኝ። ዛት'ስ ኢት።»

ቴዎፍሎስ ቆመ። ከሥራቸው ባቡሩ ወደ ከተማው መሐል ሄደ።

«ምኑ ነው የደረሰው?» አለች ልጅቱ።

ዓይኗን አየ፤ ትኩሳት የያዛትን የአራት ዓመት ሕፃን አየ፤ ብዙ የሚነግራት ነገር ነበረው፤ አንድ ቀንም ይነግራታል። ለጊዜው ግን በደብዳቤው ላይ የጻፋትን ያችኑ ቃል ተናገረ።

«ደርሷል» አለ።

ውሸት በነበረች ጊዜና እውነት በሆነች ጊዜ የቃሏ ድምፅ አንድ ነበር፤ ልዩነቱን የሚያውቁት አንዲት የሞቱ ሴትና እርሱ ብቻ ናቸው። በዚያ ዘመን በግብፅ ስለ ሆነው ነገር የሚጽፉ ሰዎች ኅዳር ስምንትን ጽፈዋል፤ የሟቾቹንም ቁጥር አስፍረዋል፤ ይህም ተገቢ ነው። የቁስቋም ማርያም ማኅበር በበኩሉ በመዝገቡ ላይ፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ድባብ ማስገባታቸውን ጽፎ አኑሯል፤ ዓመተ ምሕረቱ የተሳሳተ መሆኑን ነግሮ ያሳረመው እስከ ዛሬ የለም። ድባቡ ዛሬ ይኑር አይኑር አይታወቅም። በዚያች የቁስቋም ጠዋት ግን ከሥሩ ስድስት ወይም ሰባት እናቶች ቆመው ነበር፤ የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም።